ዘጠኝ እግር ያለው መስታወት፦ የጊታር አምፕሊፋየርን ጌይን በቲዩብ ቅያሪ የመቀነስ ልማድ ታሪክ

ከኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ የመጀመሪያውን የማጉያ ቲዩብ ነቅሎ በቦታው የማጉላት መጠኑ (ጌይኑ) ዝቅ ያለ ሌላ ቲዩብ መሰካት በጊታር ተጫዋቾችና በጥገና ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ አሠራር ሲሆን፣ ዓላማውም አምፕሊፋየሩ ገና ቮሊውሙ ከፍ ሳይል ድምፁ መሻከር እንዳይጀምርና ጥርት ያለው ድምፅ ሰፋ ያለ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ይህ ልማድ ብዙውን ጊዜ የቅርብ ዘመን ተጫዋቾች የፈጠሩት ብልሃት ተደርጎ ይቆጠራል። የቲዩቡንና የአምፕሊፋየሩን ታሪክ ጎን ለጎን አድርጎ ለሚመረምር ሰው ግን ከቅያሪው አብዛኛው በ1950ዎቹ የነበረውን አሠራር መልሶ ከማምጣት ያለፈ አይደለም፤ ተጫዋቹ በቤቱ ቁጭ ብሎ የሚቀለብሰው ፋብሪካዎች በተከታታይ ሠላሳ ዓመታት ደረጃ በደረጃ የወሰኑትን ውሳኔ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫኪዩም ቲዩብ የሚባለው አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ዕቃ ሲሆን፣ በውስጡ ሲሞቅ ኤሌክትሮን የሚለቅ ካቶድ የተባለ ክፍልና የተለቀቀውን ኤሌክትሮን የሚስብ ፕሌት የተባለ ብረት ይገኛሉ። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በ1904 የሠራው መሣሪያ እነዚህን ሁለቱን ብቻ የያዘ በመሆኑ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ከማሳለፍ በስተቀር የማጉላት ችሎታ አልነበረውም። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 በሁለቱ መካከል ግሪድ የተባለ ቀጭን የሽቦ መጋረጃ ሲጨምርበት ግን ነገሩ ተለወጠ፤ በግሪዱ ላይ የሚደርሰው ጥቂት የቮልቴጅ ለውጥ ከካቶድ ወደ ፕሌት የሚፈሰውን ብዙ ኤሌክትሮን ስለሚቆጣጠር፣ ደካማ ሲግናል ገብቶ ብርቱ ሲግናል የሚወጣበት መንገድ ተከፈተ። ዲ ፎረስት የሠራው ዕቃ ለምን እንደሚያጎላ በቅጡ የተረዳው አይመስልም፤ በውስጡ ጥቂት ጋዝ መቅረት አለበት ብሎ ያምን ነበርና። ዌስተርን ኤሌክትሪክ በተባለው ኩባንያ የሚሠሩ ባለሙያዎች አየሩን አሟጠው አውጥተው ያሻሻሉት ቲዩብ በ1915 ኒው ዮርክንና ሳን ፍራንሲስኮን በስልክ ለማገናኘት በቃ። ራዲዮውም ቴሌቪዥኑም ከዚያ በኋላ የመጡት በዚሁ ዕቃ ነው፤ በአገራችንም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከተከፈተ በኋላ እስኪሞቅ ድረስ ድምፅ የማይሰጠውን የቀድሞ ራዲዮ ያስታውሱታል።

ለጊታር አምፕሊፋየር ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ቲዩብ 12ኤኤክስ7 የተባለው ነው። አርሲኤ የተባለው ኩባንያ በ1946 ገደማ በኒው ጀርሲ ግዛት በካምደን ከተማ አበልጽጎት በሴፕቴምበር 1947 ለገበያ ያቀረበው ይህ ቲዩብ፣ በአንድ ትንሽ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ማጉያዎችን የያዘ፣ ከሥሩም ዘጠኝ የብረት እግሮች ያሉት ነበር። አውሮፓውያን ይኸንኑ ዓይነት ኢሲሲ83 ብለው ይጠሩታል። በዚያው ዘመን በተመሳሳይ ዘጠኝ እግርና በተመሳሳይ የእግር አደራደር የተሠሩ ወንድሞችም ነበሩት፤ ልዩነታቸው በዋናነት የሚለካው የማጉላት አቅም በሚባለው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በግሪዱ ላይ የሚደርስ ለውጥ በፕሌቱ ላይ ከሚደርስ ለውጥ ስንት እጥፍ ይበልጥ ኃይል እንዳለው የሚያመለክት ሲሆን፣ ለ12ኤኤክስ7 100፣ ለ5751 70፣ ለ12ኤቲ7 60፣ ለ12ኤዋይ7 44 ገደማ፣ ለ12ኤዩ7 ደግሞ 20 ገደማ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዳቸውም ለጊታር ታስበው የተሠሩ አልነበሩም። 12ኤቲ7 በቴሌቪዥንና በኤፍኤም ራዲዮ መቀበያዎች ውስጥ እስከ 300 ሜጋኸርዝ ለሚደርስ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የታቀደ፣ 12ኤዋይ7 ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1940ዎቹ መጨረሻ እጅግ ደካማ ለሆኑ የድምፅ ሲግናሎች ጩኸቱና ንዝረቱ አነስተኛ እንዲሆን አድርጎ ያዘጋጀው፣ 5751 ደግሞ መንቀጥቀጥ ለማይለየው የወታደራዊና የኢንዱስትሪ አገልግሎት ጠንክሮ የተሠራ የ12ኤኤክስ7 ዘመድ ነበር። በአንድ ዓይነት ሶኬት ላይ እንዲሰኩ የተደረገውም ለሙዚቀኛ ምርጫ ለመስጠት ሳይሆን ለፋብሪካዎች ሥራ እንዲቀል ተብሎ ነው።

ሶኬቱ ራሱ ለዚህ ልማድ መወለድ ከቲዩቡ ያላነሰ ድርሻ አለው። ቲዩብ እንደ አምፖል የሚያልቅ ዕቃ በመሆኑ ከሌሎቹ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱ ክፍሎች በተለየ በብየዳ አልተያያዘም፤ ባለቤቱ በእጁ ነቅሎ በእጁ እንዲተካው ሆኖ ተሠራ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በየመድኃኒት መደብሩና በየሸቀጣ ሸቀጡ መደብር የቲዩብ መመርመሪያ ማሽን ይቆም ነበር፤ የቴሌቪዥኑ ሥዕል የተበላሸበት አባወራ ቲዩቦቹን በከረጢት ይዞ መጥቶ አንድ በአንድ እየሰካ ይመረምርና የሞተውን ከማሽኑ ሥር ከሚገኘው ቁም ሣጥን ገዝቶ ይተካ ነበር። እንዲህ ባለ ኅብረተሰብ ውስጥ አንድ ጊታር ተጫዋች የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ከፍቶ ቲዩብ መቀያየሩ እንደ ድፍረት የሚታይ አልነበረም። ስህተት ሠርቶ በ12ኤኤክስ7 ቦታ 12ኤዩ7 ቢሰካ እንኳ በአብዛኛው ዕቃው አይቃጠልም፤ ምክንያቱም በአምፕሊፋየሩ የመጀመሪያ የማጉያ ደረጃዎች ካቶዱ ሬዚስተር ከተባለ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቃወም ክፍል ጋር ስለሚያያዝ፣ በቲዩቡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲጨምር በሬዚስተሩ ላይ የሚፈጠረው ቮልቴጅ መልሶ ፍሰቱን ስለሚገታው ቲዩቡ የሥራ ሁኔታውን ራሱ ያስተካክላል።

ሊዮ ፌንደር ወደ አምፕሊፋየር ሥራ የገባው ከዚህ የጥገና ዓለም ነው። በ1938 በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፍቶ ሲሠራ ቆይቶ በ1946 በስሙ የሚጠራውን የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ አቋቋመ። መጀመሪያ የሠራቸው አምፕሊፋየሮች ትልልቅ ባለ ስምንት እግር ቲዩቦችን ይጠቀሙ ነበር፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ባለ ዘጠኝ እግሮቹ ሲዛወር ግን በመጀመሪያው ሶኬት ላይ ያስቀመጠው 12ኤኤክስ7ን ሳይሆን 12ኤዋይ7ን ነበር። ከ1955 እስከ 1960 የተሠራውና በንድፍ ቁጥሩ 5ኢ3 ተብሎ የሚታወቀው ዴሉክስ እንዲሁም በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው ባለ አራት ድምፅ ማጉያ ባስማን፣ በቁጥሩ 5ኤፍ6-ኤ የሚባለው፣ ሁለቱም 12ኤዋይ7ን በመግቢያው ላይ ይዘው 12ኤኤክስ7ን ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ደረጃዎች አስቀርተውታል። ለምርጫው ምክንያት ሆኖ የሚታየው ጩኸት ነው፤ በመግቢያው የሚፈጠር ማንኛውም ጩኸት በቀጣዮቹ ደረጃዎች ሁሉ እየተባዛ ስለሚሄድ፣ ጸጥ ያለው ቲዩብ የሚያስፈልገው እዚያ ነበር። ፌንደር ለካንትሪና ለምዕራባዊ ስዊንግ ተጫዋቾች ጥርት ያለና የማይሻክር ድምፅ ለመስጠት ይጥር የነበረ ሰው መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም፤ ዛሬ የእነዚህ አምፕሊፋየሮች ዋና ውበት ተደርጎ የሚወደሰውን መሻከር እርሱ እንደ ጉድለት ይመለከተው ነበር።

የታሪኩ መታጠፊያ የሚገኘው ከካሊፎርኒያ ርቆ በምዕራብ ለንደን፣ ሃንዌል በተባለ ሰፈር ነው። የከበሮ መምህርና ነጋዴ የነበረው ጂም ማርሻል በ1960 በዚያ የከፈተውን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የሚያዘወትሩ ወጣት ጊታሪስቶች፣ ከእነርሱም መካከል ፒት ታውንሸንድና ሪቺ ብላክሞር፣ ከአሜሪካ በውድ ዋጋ የሚመጣውን ዕቃ የሚተካ ነገር እንዲሠራላቸው ይወተውቱት ነበር። ማርሻልም ኬን ብራን ከተባለው የጥገና ባለሙያውና ከወጣቱ ዳድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ የፌንደርን ባስማን 5ኤፍ6-ኤ ንድፍ መሠረት በማድረግ በ1962 ጄቲኤም45 የተባለውን አምፕሊፋየር ሠራ። ሰርኪዩቱ ከሞላ ጎደል ግልባጭ ቢሆንም ክፍሎቹ በእንግሊዝ ገበያ የሚገኙት ነበሩ፤ ትራንስፎርመሩ ሌላ፣ ድምፅ ማጉያዎቹ ሌላ፣ ሣጥኑም ከኋላው የተዘጋና አራት ባለ 12 ኢንች ድምፅ ማጉያዎችን የያዘ። በመግቢያው ሶኬት ላይም በአሜሪካዊው 12ኤዋይ7 ፈንታ በእንግሊዝ እንደ ልብ የሚገኘው ኢሲሲ83 ተሰካ።

በአንድ ሶኬት ላይ የተደረገው ይህ ለውጥ በጊዜው ብዙም ትኩረት የተሰጠው አይመስልም፤ በድምፁ ላይ ያመጣው ልዩነት ግን ትንሽ አልነበረም። ያው ሰርኪዩት፣ ያው ጊታር፣ ያው የቮሊውም ቁጥር ሆኖ የመጀመሪያው ደረጃ ሲግናሉን ቀድሞ ከነበረው በግምት በእጥፍ እያጎላ ወደ ቀጣዩ ስለሚያስተላልፍ፣ ተከታዩ ቲዩብ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሲግናል እየደረሰው የሞገዱን ጫፍ መቁረጥ ጀመረ። ዲስቶርሽን የሚባለው ይህ የሞገድ ጫፍ መቆረጥ ነው፤ ከዋናው ድምፅ ጋር ቀድሞ ያልነበሩ ተደራቢ ድምፆች የሚወለዱትም ከዚሁ ነው። ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜዮል ብሉዝብሬከርስ ጋር ሆኖ በ1966 በወጣው አልበም ላይ የማርሻልን አምፕሊፋየር ከፍ አድርጎ ሲጫወት የተሰማው ድምፅ ለብዙ ወጣቶች የሚኮረጅ አርአያ ሆነ። የሮክ ጊታር ድምፅ ከመግቢያው ቲዩብ ብቻ ተወለደ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ትራንስፎርመሩም፣ የተዘጋው ሣጥንም፣ ከሁሉ በላይ የተጫዋቾቹ ድፍረት ድርሻ አላቸው። ሆኖም ዛሬ አንድ ሰው የማርሻል ዓይነት ሰርኪዩት ባለው አምፕሊፋየር መግቢያ ላይ 12ኤዋይ7 ሲሰካ ማርሻል በ1962 የተወውን የፌንደር ምርጫ መልሶ መውሰዱ ነው።

ፌንደር ራሱም ከ1960 ጀምሮ 12ኤዋይ7ን ትቶ ጩኸቱ አነስተኛ የሆነውን የ12ኤኤክስ7 ዓይነት፣ 7025ን፣ በመግቢያው ላይ ማስቀመጥ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን አምፕሊፋየሮቹ አልሻከሩም። ምክንያቱ የሰርኪዩቱ አቀማመጥ ነው። በ1960ዎቹ ንድፎች የባስና የትሬብል መቆጣጠሪያዎቹ ከመጀመሪያው ማጉያ ደረጃ በኋላ ወዲያውኑ ስለሚመጡና እነዚህ መቆጣጠሪያዎች ከሲግናሉ አብዛኛውን ስለሚያባክኑ፣ የተጨመረው ጉልበት እዚያው ይጠፋል። ከዚህም ሌላ ወደ መጨረሻዎቹ የኃይል ቲዩቦች ሲግናሉን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ከፍሎ በሚልከው ደረጃ ላይ ፌንደር 12ኤቲ7ን ይጠቀም ነበር። እንግዲህ የአንድን አምፕሊፋየር ባሕርይ ከቲዩቡ ስም ብቻ ተነሥቶ መናገር እንደማይቻል ከዚህ ማየት ይቻላል፤ በቲዩብ ቅያሪ ላይ የሚጻፈው ብዙ ምክር ግን ይህን ነጥብ ይዘለዋል።

በ1970ዎቹ አቅጣጫው ወደ ላይ ብቻ ሆነ። በሰሜን ካሊፎርኒያ ራንዳል ስሚዝ የፌንደርን ትንሹን ፕሪንስተን አምፕሊፋየር ወደ ኃይለኛ ዕቃ እየለወጠ መሥራት ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ ሜሳ ቡጊ በሚለው ስም ባወጣቸው አምፕሊፋየሮች ላይ አንድ ተጨማሪ የማጉያ ደረጃ ከነባሮቹ ፊት ጨመረ። ደረጃዎች ሲደራረቡ ጌይን የሚባዛ እንጂ የሚደመር አይደለም፤ እያንዳንዳቸው 60 እጥፍ የሚያጎሉ ሁለት ደረጃዎች ቢቀጣጠሉ፣ በመካከል የሚባክነው ሳይቆጠር፣ ውጤቱ 3,600 እጥፍ ነው። ማርሻልም በ1975 ማስተር ቮሊውም የተባለውን፣ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ጌይን ከመጨረሻው የድምፅ መጠን ለይቶ የሚቆጣጠር አምፕሊፋየር አወጣ፤ በ1981 ደግሞ ጄሲኤም800 የተባለው ተከታታይ ወጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተጨማሪ ጌይን የጥራት መለኪያ እስኪመስል ድረስ ገበያውን ተቆጣጥሮት ነበር።

በዚሁ ዘመን የቲዩብ ኢንዱስትሪው ራሱ እየሞተ ነበር። ትራንዚስተር ራዲዮውንም ቴሌቪዥኑንም ስለወረሰ አርሲኤ በ1976 በሃሪሰን ከተማ የነበረውን የቲዩብ ፋብሪካውን ዘጋ፤ የቀሩት የአሜሪካና የምዕራብ አውሮፓ አምራቾችም አንድ በአንድ ተከተሉት። ዕቃውን የሚፈልጉት ጊታሪስቶችና የሙዚቃ ማጫወቻ ወዳጆች ብቻ ሲቀሩ፣ ምርቱ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ዩጎዝላቪያና ወደ ቼኮስሎቫኪያ ፋብሪካዎች ዞረ። አምራቾቹ ጥቂት ሲሆኑ ምርጫቸውም ጠበበ፤ 12ኤኤክስ7 በብዛት ስለሚሸጥ እርሱን ማምረት ሲያዋጣ፣ 12ኤዋይ7ን የመሰሉት ለረጅም ጊዜ ከድሮ ክምችት ብቻ የሚገኙ ሆኑ። አምፕሊፋየር ሠሪዎችም በእያንዳንዱ ሶኬት ላይ አንድ ዓይነት ቲዩብ መሰካትን መረጡ፤ ፌንደር በ1990ዎቹ ያወጣው ባለ 15 ዋቱ ብሉዝ ጁኒየር ለምሳሌ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሦስት 12ኤኤክስ7 አለው። ለፋብሪካው ይህ ምክንያታዊ ነው፤ መኝታ ቤቱ ውስጥ በዝግታ ለሚጫወት ሰው ግን ቮሊውሙ ገና ሁለት ላይ ሳይደርስ የሚጮህ ዕቃ ማለት ሊሆን ይችላል።

የቲዩብ ቅያሪ እንደ ልማድ የተስፋፋው በዚህ ክፍተት ነው። አስፐን ፒትማን በ1979 የመሠረተው ግሩቭ ቲዩብስ የተባለው ድርጅት ቲዩቦችን መርምሮና በባሕርያቸው ለይቶ ለጊታሪስቶች መሸጡ፣ ፒትማን ስለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ያሳተመው መጽሐፍም በብዙ ሰው እጅ መግባቱ፣ ቀድሞ የጥገና ባለሙያው ብቻ ያውቀው የነበረውን ነገር ተጫዋቹ በራሱ እንዲሞክረው አደፋፈረ። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ከመብራት ሶኬቱ ይነቀላል፤ መስታወቱ እስኪበርድ ይጠበቃል፤ በብዙዎቹ የፌንደር ሥሪቶች ቲዩቦቹ ከላይ ወደ ታች ተዘቅዝቀው ስለሚንጠለጠሉ እጅ ከሣጥኑ ጀርባ ይገባና ቲዩቡን የሸፈነው የብረት ቆብ ወደ ላይ ተገፍቶ በጥቂቱ ሲዞር በውስጡ ባለው ሞላ ተገፍቶ ይወጣል። ከዚያም ቲዩቡ በቀስታ ወዲህና ወዲያ እየተነቀነቀ ይሳባል፤ አዲሱ ሲሰካ ከዘጠኙ እግሮች በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ከሶኬቱ ክፍተት ጋር መገጣጠም አለበት፤ በግድ የተገፋ ቀጭን እግር ይታጠፋልና። የመጨረሻዎቹ የኃይል ቲዩቦች ሲቀየሩ የሚጠይቁት የኤሌክትሪክ ማስተካከያ እዚህ አያስፈልግም፤ ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ካፓሲተሮች አምፕሊፋየሩ ከጠፋም በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው የሚቆዩበት የሰርኪዩቱ ክፍልም አይከፈትም።

ውጤቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ከቲዩቡ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይገባም። በተለመደው የፌንደር ሰርኪዩት፣ በፕሌቱ ላይ 100 ሺህ ኦም ሬዚስተር ባለበት፣ የማጉላት አቅሙ 100 የሆነው 12ኤኤክስ7 በተግባር 60 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው የሚያጎላው፤ የቀረው በቲዩቡ ውስጣዊ ተቃውሞ ይወሰዳል። በዚያው ቦታ 5751 ወደ 45፣ 12ኤዋይ7 ከ30 እስከ 35፣ 12ኤዩ7 ደግሞ 15 ገደማ ይሰጣሉ። ስለዚህ 5751 የሚያመጣው ለውጥ ጆሮ ልብ ብሎ የሚሰማው ያህል ሲሆን፣ 12ኤዋይ7 ግን በግልጽ የተለየ አምፕሊፋየር ያስመስለዋል። 12ኤዩ7 ጌይኑን ከሚገባው በላይ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሬዚስተሮቹ አብረውት ካልተለወጡም ድምፁ ብዙውን ጊዜ የደነዘዘ ይሆናል። 12ኤቲ7ም ለ10 ሚሊአምፒር ገደማ ፍሰት ታቅዶ ሳለ በዚህ ቦታ 1 ሚሊአምፒር ገደማ ብቻ ስለሚያልፍበት ከተፈጠረበት ሁኔታ ርቆ ይሠራል፤ ቁጥሩ በ5751ና በ12ኤዋይ7 መካከል ስለሆነ ብቻ ድምፁም በመካከል ይገኛል ማለት አይደለም።

ቅያሪው የአምፕሊፋየሩን ኃይል እንደሚቀንስ የሚያስቡም ብዙዎች ናቸው። ባለ 15 ዋቱ ከቅያሪው በኋላም ባለ 15 ዋት ነው፤ የሚለወጠው ያንን ኃይል ለማግኘት ቮሊውሙ የሚዞርበት ርቀት ነው። በመጀመሪያው ሶኬት ላይ የሚደረገው ቅያሪ ተመራጭ የሆነውም ከእርሱ በኋላ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጫና ስለሚገላገሉ ነው። ከጊታሩ ላይ ያለውን የቮሊውም ቁልፍ ዝቅ ማድረግም ተመሳሳይ ውጤት ያስገኛል፤ ምንም ወጪ የለውም፤ የ1950ዎቹ ተጫዋቾችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ቲዩብ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ይህን ቀድሞ አይናገርም።

ዘጠኝ እግር ያለው ሁሉ ወንድም አለመሆኑም ብዙ ሰው አሳስቷል። 6ኤን2ፒ የተባለው የሶቪየት ቲዩብ የማጉላት አቅሙ ከ12ኤኤክስ7 ጋር እኩል፣ መልኩም የሚመሳሰል ሲሆን፣ ካቶዱን የሚያሞቀው ሽቦ የተያያዘባቸው እግሮች ግን የተለዩ በመሆናቸው በዚያው ሶኬት ላይ በትክክል አይሠራም፤ ኢሲሲ88ም እንዲሁ ነው። በተቃራኒው 12ዲደብልዩ7 የተባለውና ዛሬ በስሎቫኪያ የቻድጻ ከተማ የሚገኘው ጄጄ የተባለው ኩባንያ ኢሲሲ832 ብሎ የሚያመርተው ቲዩብ፣ ግማሹ 12ኤኤክስ7፣ ግማሹ 12ኤዩ7 ሆኖ በዚያው ሶኬት ላይ በትክክል ይሰካል፤ አንዱን ቻናል እንደነበረ ትቶ ሌላውን ዝቅ ለማድረግ ለሚፈልግ ሰው ይህን የመሰለ የለም።

ከምሥራቅ አውሮፓና ከእስያ ፋብሪካዎች ጋር የተያያዘው ገበያ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በማርች 2022 ታየ። በሩሲያ የሳራቶቭ ከተማ የሚገኘውን ፋብሪካ የያዘው የኒው ዮርኩ ኒው ሴንሰር ኩባንያ ከሩሲያ ቲዩብ ወደ ውጭ መላክ እንደታገደ ሲያስታውቅ፣ ሻጮች በቀናት ውስጥ ዕቃ አለቀባቸው፤ እገዳው በኋላ ቢላላም ዋጋው ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ የሚለውን ስም የያዘው አዲስ ሥሪት 12ኤዋይ7 የሚወጣው ከዚሁ ፋብሪካ ነው። ፌንደር በበኩሉ የ1957ቱን ዴሉክስ እንደገና ሲያወጣ በመጀመሪያው ሶኬት ላይ 12ኤዋይ7ን እንደ ጥንቱ መልሶ ያስቀመጠ ሲሆን፣ ይህን አምፕሊፋየር ከገዙት መካከል ድምፁ ቶሎ አይሻክርም ብለው 12ኤዋይ7ን ነቅለው 12ኤኤክስ7 የሚሰኩበት ጥቂቶች አይደሉም።